ውሃ የጠጣ ኦፓል

ስለ ድንጋይ አይገባኝም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ "ይቺ ደግሞ ምን አውቃ ነው የምታወራው" እንዳልባል። የሚገባኝ ሩዝ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ፣ የጂቡቲ ሙቀት ሰውን በየትኛው ሰዓት እንደሚያሳብድ፣ ከዚያ ደግሞ ወንድሜ ግትር መሆኑ ነው። ድንጋዩ ግን ያኔም ግራ አጋባኝ፣ ዛሬም ግራ እንዳጋባኝ ነው።

ወንድሜ ደላንታ ውስጥ ኦፓል የሚሉትን የከበረ ድንጋይ ይቆፍራል። በዕድሜ በብዙ ያንሰኛል፤ እናታችን ስታርፍ ገና ትንሽ ልጅ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብል ማንም አይከራከረኝም። እኔ ሰው ቤት ልሠራ ጂቡቲ ስወርድ እሱ ገደል ወረደ። ኦፓሉ የሚገኘው ገደሉ ወገብ ላይ ነው። ሰው በደረቱ ተስቦ የሚያልፍባት ጉድጓድ ይበሱና ወደ ውስጥ፣ አሁንም ወደ ውስጥ ይሄዳሉ፤ ጣሪያውን የሚደግፈው እግዜር ብቻ ነው። አንድ ቀን በስልክ ቪዲዮ ላከልኝ። ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ እየሳቀ ይገባል፤ ቀጥሎ ጨለማ ነው፤ ቀጥሎ የመዶሻ ድምፅ፤ ቀጥሎ "እታለም፣ ይታይሻል?" ይላል። ምን ይታየኛል! የታየኝ ከላይ የሚንሿሿው አፈር ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

የጎረቤቱ ጉድጓድ ተንዶ አብሮ አደጉን ይዞት የቀረ ጊዜ ግን አበድኩ። ደወልኩና ለቅሶና ስድብ ቀላቅዬ አወረድኩበት። "አንተን ቀብሬ ልኖር ነው? ለዚህ ነው በሰው አገር የሰው ሽንት ቤት የማጥበው?" አልኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ማለ። "አንድ ጥሩ ድንጋይ ብቻ ይውጣልኝ እታለም። ለባጃጅ የሚሆነኝ። እሱን ከሸጥን ሁለተኛ እዚያ ጉድጓድ ብገባ የእናቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።" ወንድሜ በእናታችን አጥንት ምሎ አያውቅም፤ አመንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ሁሉ አንድ ጥሩ ድንጋይ ሆነ። ለድንጋይ የሚጸልይ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጸለይኩ።

ወጣለት። ለአገሩ ደላላ ግን አላሳየውም። "እነሱ እጄ ላይ እያለ ያረክሱታል፣ ከእጄ እንደወጣ ያስወድዱታል" ይላል። "አንቺ ያለሽው ወደብ ላይ ነው። አረቡም ፈረንጁም እዚያ አይደል? ወስደሽ አሳዪልኝ" አለኝ። እሺ አልኩ። ድንጋይ ለማን እንደሚሸጥ ባላውቅም፣ ከጉድጓዱ የሚያወጣው ነገር ከሆነ እሺ የማልለው ምን አለ።

ያመጣው የአገራችን ልጅ የሆነ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከእኛ አገር የመጡ መኪናዎች ተሰልፈው ወረፋ የሚጠብቁበት ፒካ ዱዝ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ከደረት ኪሱ የመድኃኒት ካርቶን አወጣ፤ ካርቶኑ ውስጥ ጥጥ፤ ጥጡ ውስጥ ድንጋዩ። ቴምር ያህላል። ወንድሜ ራሱ ሞርዶ ወልውሎታል። ሳዞረው አረንጓዴ ይነድና ዘንበል ሳደርገው ቀይ ይሆናል፤ ከቀዩ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። "ውይ!" ብዬ ቀረሁ። እዚያ ናፍታና አቧራ መሃል እንዲህ ያለ ነገር እጄ ላይ ይዤ ማልቀስ ቃጣኝ።

"ምን መልእክት አለ?" አልኩት ሹፌሩን።

ራሱን አከከ። "ሁለት ነገር ነው ያለኝ። አንደኛው፣ ከሙቀት ትጠብቀው፣ ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል ብሏል። ሁለተኛው... ቆይ እስቲ። ስለ ውሃ የሆነ ነገር ነበር።"

"ስለ ውሃ ምን?"

"ድንበሩ ጋላፊ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ ባክሽ። ደውለሽ ጠይቂዋ!"

ልደውል ብል፣ የደላንታ ኔትዎርክ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ደግሞ መመለሱን የሚያውቅ የለም። በዚያ ሰሞን ሄዷል። "ከሙቀት ትጠብቀው" የሚለውን ብቻ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

የምሠራው ራስ ዲካ፣ ባሕሩ አጠገብ ነው። አሠሪዬ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሐጅ ስላደረጉ ሰፈርተኛው ሁሉ ሀጃ ይላቸዋል፣ እኔም ሀጃ እላቸዋለሁ። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከኔ ይፈጥናል። ሲቆጡ ብቻ ወደ ሱማልኛ ይዞራሉ። ልጆቻቸው ፈረንሳይ ስለሚኖሩ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ነን፤ ስንኳረፍም ስንታረቅም ምስክር የለንም።

አገር ቤት ክረምት ገባ ሲባል እዚህ እሳት ነው። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ሲነሳ የበር እጀታ ያቃጥላል፣ የቧንቧው ውሃ ለሻይ ይደርሳል። በዚያ ወቅት ፍሪጅ ውስጥ የማይገባ ነገር የለም። የሀጃ የዓይን ጠብታ እዚያ ነው፣ ሽቷቸው እዚያ ነው፣ ኩላቸው እዚያ ነው፣ ሻማ እንኳን እንዳይቀልጥ እዚያ ነው የምናስቀምጠው። ታዲያ "ከሙቀት ጠብቂው" የተባለ ነገር የት ይቀመጣል? እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ ባይ፣ ለጋ ቅቤ ውሃ ውስጥ እንደሚቀመጠው አድርጌ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተትኩትና በስኒ ማስቀመጫ ከድኜ ከወተቱ ኋላ ደበቅኩት። ሹፌሩ ስለ ውሃ ያለውም ይሄንኑ ይሆናል አልኩ። እንደውም ጎበዝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩት!

ጥቂት ቀን አለፈ። የሚሸጥ ድንጋይ እንዳለኝ ስነግራቸው ሀጃ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር የሚያውቋቸው የየመን ዘር ያላቸው ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ጋ ዓርብ ልላክሽ ብለው ቀጠሮ ያዙልኝ። ዓርብ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ጭጭ በሚልበት ሰዓት፣ እኔም ወለሉ ላይ ጋደም ብዬ እያለ ሀጃ ከወጥ ቤት ጮኹ።

"አንቺ! ይሄ ውሃ ምን አለበት?"

ሮጬ ስደርስ ብርጭቆውን ይዘው ቆመዋል፤ ግማሹ የለም።

"አንድ ነገር ከንፈሬን ነካኝ" አሉ። "በረዶ ነው ብዬ ምላሴ ላይ ባደርገው አልቀልጥ አለ። መልሼ እዚያው ተፋሁት።"

"ድንጋዬን ጠጡት?!" ብዬ ጮህኩ። በእሳቸው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ብርጭቆውን ነጥቄ አየሁ። ባዶ ውሃ ነው። ውስጡ ምንም የለም። ጣቴን ስከት ግን አንድ ነገር ነካሁ፤ አወጣሁት። መጠኑ ያው የቴምር ነው። ቀለሙ ግን የለም። አረንጓዴው የለ፣ ቀዩ የለ፤ ተመጦ ያለቀ ከረሜላ መሰለኝ፣ ጣቴ በዚያ በኩል አልፎ ይታየኛል። መዳፌ ላይ አድርጌ አፈጠጥኩበት። ምን እየጠበቅኩ እንደነበር ልንገራችሁ? እስኪቀልጥ ነው። ሀጃ ድንጋዩን ውጠውት፣ ይሄ የፍሪጅ በረዶ ነው ብዬ። ሀጃም ጎንበስ ብለው አብረውኝ ጠበቁ። አልቀለጠም።

"የኔ አይደለም" አልኩ።

"እና የማን ነው? ፍሪጁ ወለደው?"

እሳቸው ይቀልዳሉ፣ እኔ ልሞት ነው። ጭንቅላቴ ዞረ። አንዴ ሹፌሩ ቀይሮብኛል እላለሁ፤ ግን እኮ ከእጁ ስቀበል ቀለሙን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴ ሀጃ እላለሁ፤ ሴትዮዋ የራሳቸውን ወርቅ የትም ጥለው እኔ ነኝ የምሰበስበው፣ የኔን ድንጋይ ምን ሊያደርጉት! ደግሞ ወንድሜን ጠረጠርኩ፤ ይቅር ይበለኝ፣ መስታወት ቀለም ቀብቶ ልኮብኝ ይሆን አልኩ። በመጨረሻ ራሴን ጠረጠርኩ፤ ያ ሁሉ ቀለም በሙቀት ያየሁት ሕልም ቢሆንስ? ደላንታ ደወልኩ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ትላለች ያቺ የስልኩ ሴትዮ። ሹፌሩ ጋ ደወልኩ፤ ወደ አገር ሲመለስ ዲኪልን አልፎ እየነዳ ነው።

"ያን ድንጋይ ምን አድርገህ ነው ያመጣኸው? ቀለሙ ለቀቀ!"

"ምን ይለቃል፣ ነጠላ ነው እንዴ?" አለ። "እኔ ካርቶን ተቀበልኩ፣ ካርቶን አስረከብኩ።"

"ስለ ውሃ ምን ነበር ያለህ? አስታውስ!"

"ወይ ንከሪው ነው ያለኝ ወይ አትንከሪው። ከሁለት አንዱ ነው።"

ስልኩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። ከዚያ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የጠፋው ድንጋይ አይደለም፤ የወንድሜ መሐላ ነው። ድንጋዩ ካልተሸጠ ነገም እዚያ ጉድጓድ ይገባል፣ ከነገ ወዲያም ይገባል። ስለዚህ መዳፌ ላይ ያለውን ጠራ ያለ ነገር ሳየው ሰው መቃብር ውስጥ ሲገባ የማይ ነው የመሰለኝ።

ሀጃ አዘኑልኝ። ሳሎን መደርደሪያቸው ላይ ከአሳል ሐይቅ የመጣች የጨው ኳስ አለቻቸው፤ አፋሮች መንገድ ዳር ለቱሪስት የሚሸጧት ዓይነት፣ ክብ፣ ነጭ፣ በመብራት የምታብረቀርቅ። አንስተው ከድንጋዩ ጎን አስቀመጧት። "ይቺ አታምርም?" አሉ። "ታምራለች። ማን ገንዘብ ይሰጣታል? ማንም። ለምን? ሐይቁ ዳር ሙሉ ነው። አሁን ያንቺ ቆንጆ ሲሆን ውድ ነበር፣ አሁን ደግሞ እንዲህ ሲሆን ምንም አይደለም ትያለሽ። እኔ እንጃ። ለማንኛውም ለሽማግሌው አሳዪው።" እኔም እንጃ አልኩ። ጨውና ድንጋይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ቢያዩዋቸው የኔው ነበር ርካሽ የሚመስለው።

ዓርብ የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ካበቃ በኋላ ካርቲየ ሰባት ሄድኩ። የሽማግሌው ሱቅ አልጋ ታክል ናት፤ ፊት ለፊቷ ፍራፍሬ የሚሸጥባት ጋሪ ቆማለች፣ ማዶ ጫት ሻጮቹ የተረፋቸውን እርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ይጣራሉ። ሽማግሌው በእጃቸው ዐቂቅ የሚሉት ቀይ የየመን ድንጋይ ያለበት ቀለበት አድርገዋል። የምንግባባው በአረብኛ ነው፤ የኔ አረብኛ ደግሞ የወጥ ቤት ነው፣ ሽንኩርትና መጥረጊያ ድረስ ያስኬደኛል። ድንጋዩን አውጥቼ እያፈርኩ ሰጠኋቸው።

አዩት። ብርሃን ላይ ያዙት። ከዚያ ምላሳቸውን ነካ አደረጉበትና ሳቁ።

"ውሃ ውስጥ አስቀመጥሽው?"

"አዎ።"

"ጠጣ!" አሉ። "የሐበሻ ኦፓል ነው። ይጠጣል። ሲጠግብ እንዲህ ይሆናል።"

ድንጋይ ይጠጣል! አረብኛዬን ነው የጠረጠርኩት። ሽማግሌው ግን ሥራ ፈትተው ነበር መሰል ወንበር ሰጡኝና ያስረዱኝ ጀመር። የገባኝን ልንገራችሁ፤ ያልገባኝ ይበልጣል። ዱሮ ዱሮ፣ ሰው ሳይኖር፣ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ አገር አለበሰ። በዚያ አመድ ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ውሃው አሸዋና መስታወት የሚሠራበትን ነገር ከአመዱ አሟሙቶ ይዞ ወደ ታች ይሰርጋል። ከታች ሸክላ አፈር ያግደዋል፤ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ስንጥቁ ውስጥ ይተኛል። ይተኛል፣ ይተኛል፤ ውሃው ቀስ እያለ ይደርቅና የያዘው ነገር ዓይን የማያያቸው ድቡልቡል ፍሬዎች ሆኖ ይደረደራል። ሽማግሌው ተነስተው ከጋሪው ላይ ብርቱካን አሳዩኝ፤ "እንደዚህ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ እኩል እኩል። ከተዛነፈ ተራ ድንጋይ ነው። እኩል ከሆነ ብርሃን በመሃላቸው ሲያልፍ ይከፋፈላል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይሆናል። ቀዳዳዎቹን ውሃ ሲሞላቸው ብርሃኑ ሳይከፋፈል ዝም ብሎ ያልፋል።"

"ቀለሙስ? ቀለሙ የት ሄደ?"

"ቀለም ኖሮት አያውቅም።"

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ የምላቸው ነበረኝ። "ቀለም ከሌለው ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ለምኑ ነው?" አልኳቸው። "ለአደራደሩ" አሉ። መንገድ ላይ የፈሰሰ ናፍታ በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ የሚታየው ያ ሁሉ ቀለምም እንዲሁ የብርሃን ጨዋታ ነው አሉኝ፤ እሱንም አውቀዋለሁ፣ ፒካ ዱዝ ሙሉ እሱ ነው፣ ተረግጦ ይታለፋል። ደግሞ አልማዝ ማለት የከሰል ወንድም ነው አሉኝ፣ መሬት ሆድ ውስጥ በሙቀትና በክብደት ተጨንቆ የወጣ። ከሰል! እኛ ቤት በረንዳው ላይ በጆንያ የተቀመጠው! ቀዩን የሩቢ ድንጋይ ያቀላው ደግሞ ውስጡ የገባች ትንሽ ባዕድ ነገር ናት፤ እሷ ባትገባ ቀለም የሌለው ይሆን ነበር አሉ። ያልጠራው ውድ፣ የጠራው ርካሽ፤ ብዬ ያዝኩ። ወዲያው ደግሞ አልማዝ ከሆነ የጠራው ነው ውድ ብለው አፈረሱብኝ።

"ታዲያ በምን ይታወቃል?" አልኩ፣ ጭንቅላቴን ይዤ።

ጺማቸውን ዳሰሱ። መልክ ያስፈልገዋል አሉ፤ ጥንካሬ ያስፈልገዋል፣ ትንሽ መገኘት አለበት፣ የሞራጁ እጅ ያስፈልገዋል። "ይሄ ሁሉ ተሟልቶም የሚፈልገው ሰው ከሌለ ድንጋይ ነው" አሉ። "ያንቺን አላውቅም። ውሃ የሚጠጣውን ገዢ ይፈራዋል፣ ዋጋው ይወርዳል። ሲደርቅ የሚሰነጠቅም አለ። ጥጥ ውስጥ አድርጊው፣ ጥላ ውስጥ፤ ፀሐይ የለ፣ ፍሪጅ የለ። ከተመለሰ አምጪው።"

"ባይመለስስ?"

"ጌታ ያውቃል" አሉ።

ቤት ወስጄ ጥጥ ውስጥ አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። በማግስቱ ሳየው ነጭ ሆኗል። ጭራሽ! ጥርት ያለው ቀርቶ የኖራ ፍርፋሪ ሆኖ ቁጭ ብሏል። "አለቀልኝ" ብዬ ለሀጃ አሳየኋቸው። እሳቸው "መጀመሪያ በረዶ፣ አሁን ኖራ፤ ነገ ደግሞ እንቁላል ይሆናል" አሉ። አልሳቅኩም። ሥራ አልሠራ አለኝ፤ ጨው ሁለቴ እጨምራለሁ፣ የሀጃን ልብስ ያለ ሳሙና አጥባለሁ። ማን ነው ጥፋተኛው ብዬ አስብና ማንንም አጣለሁ። ውሃ ነው ያጠፋው ቢሉኝ፣ ሽማግሌው ደግሞ የሠራውም ውሃ ነው ብለውኛል። እንዲህ ያለ ነገር ምኑን ትይዙታላችሁ?

ከዚያ አንድ ጠዋት ጥጡን ስገልጠው ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። የሚያክለው የትንኝ ክንፍ ነው። ዓይኔ ነው ብዬ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ፤ አለ። በማግስቱ ከጠርዙ ወደ መሃል ገባ፤ ቀዩም ተከተለ። ደርቆ ሲያበቃ እንደ ዱሮው ሆነ ልበል? አልልም፤ ከዱሮው በለጠ። ወይም እኔ ናፍቄው ነው። ሀጃን ከጸሎታቸው እስኪነሱ መጠበቅ አቅቶኝ ምንጣፋቸው ዳር ተንበርክኬ ጠበቅኳቸው። አዩት፣ እኔንም አዩኝ፣ "አልሐምዱሊላህ" አሉና ጭንቅላቴን ሳሙኝ። የሳሙኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ጋ ስወስደው አሁን አልሳቁም። ብርሃን ላይ ይዘው ደጋግመው አዞሩት። ጥፍራቸውን ዙሪያውን አስኬዱት፤ ስንጥቅ ፈልገው አጡ። ከዚያ ተነሱና የሱቁን በር ግማሹን ዘጉት። ውድ መሆኑ ይሄን ጊዜ ነው የገባኝ። ዋጋ ጠሩ። በፍራንክ ነው የጠሩት፤ በደመወዜ ላመዛዝነው ሞከርኩና ተምታታብኝ፣ እንደገና እንዲሉት ጠየቅኳቸው፣ ያንኑ አሉ። ገንዘቡ ባጃጅ ገዝቶ ቤት ያስጀምራል። "ነገ ነይና ገንዘብሽን ውሰጂ" አሉኝ። ድንጋዩን ትቼላቸው ወጣሁ። እግሬ መሬት አልነካ አለኝ።

መንገድ ላይ እንደቆምኩ ደላንታ ደወልኩ። ጠራ! ያ ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ የነበረ ኔትዎርክ የዚያን ቀን ጠራ።

"ተሸጠልህ!" አልኩት፤ ጫት ሻጮቹ ዞረው አዩኝ። ዋጋውን ነገርኩት።

"ስንት አልሽ?"

ደገምኩለት።

"እታለም፣ በናትሽ አትቀልጂ።"

"እናቴ ምስክሬ! በል እንግዲህ መዶሻህን ለፈለገው ስጥ። ዛሬውኑ። ባትሪህንም ስጥ። ሄደህ ባጃጅ እይ።"

ጉሮሮውን ሲያጸዳ ሰማሁት። የሚያለቅስ መስሎኝ እኔም እንባዬ መጣ፤ እንባዬን እየጠረግኩ ጠበቅኩት።

"እታለም" አለ ቀስ ብሎ፣ አጠገቡ ሰው እንዳይሰማው ይመስላል። "ያን ያወጣሁበትን ቦታ በካብ ደፍኜዋለሁ። ማንም አያውቀውም። ከጀርባው ገና አልተነካም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"እኔ እኮ ምን እንደሚያወጣ አላውቅም ነበር። ለባጃጅ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ይሄን ያህል ካወጣማ፣ ባጃጅ ምን ያደርግልኛል?"

"ምለሃል! በእናታችን አጥንት ምለሃል!"

"ስምል ዋጋውን አላውቅማ። አሁን ዝም ብል እብድ አይደለሁም? አንቺም አገርሽ ትገቢያለሽ። የሰው ቤት ይበቃሻል።"

ይሄን ሲለኝ በእኔ በኩል መጣብኝ። እኔ እሱን ላወጣ፣ እሱ እኔን ሊያወጣ። ያን ጊዜ አእምሮዬ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። "ውሸቴን ነው! አልተሸጠም! ሰውዬው መስታወት ነው አለኝ፣ ላስደስትህ ብዬ ነው የዋሸሁህ! ውሃ ውስጥ ከትቼው ቀለሙ ጠፍቷል፣ ሀጃን ጠይቅ!" ብዬ ጮህኩ።

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። "ውሃ አይንካው አላልኩሽም? ይመለሳል፣ አይዞሽ። ደግሞ አንቺ ውሸት መቼ ትችያለሽ" አለኝ። ቀጠለና "ገንዘቡን አንቺው ያዢልኝ። ለገመድና ለደህና የግንባር ባትሪ የሚሆን ብቻ ላኪልኝ፤ የበፊቱ ሩቅ አያበራም" አለ። ከዚያ ኔትዎርኩ ሄደ።

ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌው ጋ ተመልሼ ድንጋዩን ልቀማቸው? ምን ሊረባኝ? ዋጋውን አንዴ ሰምቶታል። ኖራ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይተው ነበር ወይስ ሌላ ፍለጋ ይገባ ነበር? ዛሬም አላውቀውም። እያልኩ እያልኩ ነው ቤት የደረስኩት፤ ሀጃ "ተሸጠ?" ሲሉኝ "ተሸጠ" አልኩና ወጥ ቤት ገባሁ።

ገመዱንና ባትሪውን ራሴ መርጬ ገዝቼ በዚያው ሹፌር ላክሁለት። ምን ላድርግ? ባልልክለት ያለ ገመድ ይገባል። ደህናውን ገመድ፣ ሩቅ የሚያበራውን ባትሪ ፈልጌ ነው የገዛሁት።

እሱ አሁንም እዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል፤ አልፎ አልፎ አንድ ጥሩ ሲወጣለት ካርቶን ውስጥ አድርጎ ይልካል፣ እኔ ካርቲየ ሰባት አደርሳለሁ። "ወደ ውስጥ በገባሁ ቁጥር እያማረ ነው የሚሄደው" ይለኛል። ባለፈው የመጣው ከሁሉም ይበልጣል፤ ቀዩ እንዳለ ከዳር እስከ ዳር ይነዳል። ሽማግሌው ብርሃን ላይ ይዘው "ማሻላህ፣ ማሻላህ" እያሉ አገላበጡት። እኔ ግን ሳየው ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ይሄን ለማግኘት ወደ ውስጥ ምን ያህል ገባ? ዋጋውን ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን ያዝኩና "እባክዎ ይቀንሱልኝ" አልኳቸው። "እኔ ውሸት አልችልም፤ ወንድሜ የሚሰማው ዋጋ ትንሽ ይሁን፣ በጣም ትንሽ ያድርጉት።" በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ሻጭ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ግራ ተጋብተው አዩኝ። ያመመኝ መስሏቸው ወንበር ሳቡልኝ።